ሰይፉ ታዲያ ለምን ተመዘዘ?

መሪጌታ ወንበር ስበው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው አጠለቁና የአኒሜሽን ፊልማችንን ዘንዶ ዝም ብለው ያዩት ጀመር። ቀለም ገና አልተቀባም፣ ቅርፊትም አልወጣለትም፤ ግራጫ ገላ ብቻ ነው። ጅራቱ ገደሉን ታኮ ይወርዳል፣ ከታች የቆሙትን መነኩሴ ወገብ ሁለት ዙር ይጠመጠማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያነሣቸዋል። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ደጋግመው አስደገሙኝ።

“ይሄ ዘንዶ አባታችንን መጉዳት ይችላል?” አሉኝ በመጨረሻ።

“አይችልም መሪጌታ፤ ቆልፌዋለሁ” አልኳቸው። ጥቅልሉን የሚያጠብቀውን ስላይደር ይዤ እስከ ጥጉ ጎተትኩላቸው። ጥቅልሉ የመነኩሴውን ቀሚስ ነካ፣ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

መሪጌታ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እዚያ የለጠፍነው ራሳቸው የሣሉት ንድፍ ነው፤ ገደሉ፣ ዘንዶው፣ በዘንዶው የተያዙት አቡነ አረጋዊ፣ ከጎናቸው ደግሞ ሰይፉን መዝዞ የቆመው ቅዱስ ሚካኤል። በጣታቸው ሰይፉን አሳዩኝ። “እንግዲያ መልአኩ እዚህ ምን ያደርጋል ልጄ? ሰይፉ ታዲያ ለምን ተመዘዘ?”

የምመልሰው አጣሁ። እሳቸውም መልስ የፈለጉ አይመስሉም ነበር፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ የቀሩትን ንድፎች አስረክበውን ሄዱ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ታክሲ ስጠብቅ ይመጣብኛል፣ ሽሮ ሳማስል ይመጣብኛል። እሳቸው የጠየቁኝ እንደ ሊቅ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን እንደ ሪገር፣ ለአኒሜሽን ገላ አጥንት እንደሚያስገባ ሰው ነው። አንድን ፍጡር “አይችልም” ብዬ ስቆልፈው ከፍጡሩ ላይ ምን እየወሰድኩ ነው?

የደብረ ዳሞን ታሪክ እዚህ አልተርክም። ጥቅምት 14ን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ልጽፍ የፈለግሁት ያ ዘንዶ በእኔ እጅ አጥንት ሲገባለት ስለሆነው ነው።

ለግራጫ ገላ አጥንት መስጠት

ሪጊንግ በፊልሙ ላይ የማይታይ ሥራ ነው። ሞዴሉን የሚሠራው ሰው ገላውን ይቀርጻል፣ አኒሜተሩ ያንቀሳቅሰዋል። በሁለቱ መካከል ተቀምጦ በዚያ ገላ ውስጥ አጥንት የሚደረድረው፣ የትኛው አጥንት የትኛውን ሥጋ ይዞ እንደሚሄድ የሚወስነው፣ አኒሜተሩ የሚጨብጣቸውን እጀታዎች የሚያበጀው ሪገሩ ነው። ሪገሩ ያላሰበውን እንቅስቃሴ አኒሜተሩ ሊያመጣው አይችልም። ገጸ ባሕርዩ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ምን መሆን እንደሚችልና እንደማይችል የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ለዚህም ነው ሥራውን የምወደው።

የምንሠራው በብሌንደር ነው። ኮዱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለዓለም ክፍት የሆነ፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት የአኒሜሽን ፕሮግራም ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ሶፍትዌር ማሰብ ለማይችል እንደ እኛ ላለ ትንሽ የአዲስ አበባ ቡድን፣ ይህ ባይኖር ፊልሙም ባልታሰበ ነበር። ከብሌንደር ጋር ሪጊፋይ የሚባል ዝግጁ የአጥንት መደርደሪያ አብሮ ይመጣል፤ የሰው አለው፣ የፈረስ፣ የድመት፣ የተኩላ፣ የወፍ፣ የሻርክም ሳይቀር። የእባብ ግን የለውም። እግርና ክንፍ ያለው የፈረንጅ ድራገን ከፈለጋችሁ ኢንተርኔት ሞልቶታል። እግር የሌለው፣ እሳት የማይተፋ፣ ተልኮ የሚሠራ ዘንዶ ከፈለጋችሁ ከባዶ መጀመር ነው።

እግር የሌለውን ነገር ማንቀሳቀስ ቀላል የሚመስለው ሰው አለ። ሰው 33 የአከርካሪ አጥንት አለው፤ እባብ እንደ ዓይነቱ ከ200 እስከ 400፣ ከዚያም በላይ ይኖረዋል። እያንዳንዷ መገጣጠሚያ የምታጠፈው ጥቂት ነው፤ ድምሩ ነው ያንን ሁሉ ጥምዝ የሚያመጣው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉት በእባብ ጀርባ ላይ እውነት ነው። አኒሜተር ግን ሦስት መቶ አጥንት አንድ በአንድ ሊያዞር አይችልም። ስለዚህ ከርቭ የሚባል፣ እንደ ክር የሚታጠፍ መስመር እንዘረጋለን፤ አጥንቶቹ በእሱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይሰካሉ፤ አኒሜተሩ የሚይዘው ክሩን ብቻ ይሆናል። ክሩን ባጠፈው ቁጥር ፍሬዎቹ ይከተላሉ፣ ስላይደር ሲጎትት ደግሞ በክሩ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታሉ።

መንሸራተቱ ለዚህ ዘንዶ ዋናው ነገር ነበር። ጎትቶ የሚያነሣ እባብ ገላው በገደሉ ጠርዝ ላይ እየታጠፈ ማለፍ አለበት። ጠርዙ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በጠርዙ ላይ የሚታጠፈው የገላው ክፍል ግን በየፍሬሙ፣ በየአንዷ ምስል ማለት ነው፣ ይለያያል። የጅራቱ ጥቅልል በበኩሉ ከመነኩሴው ወገብ ዝንፍ ሳይል አብሯቸው መውጣት አለበት። እነዚህን ሁለቱን ማስማማት ብዙ ሌሊት ፈጅቷል።

ሌላው ችግር መጠምዘዝ ነው። ገላው በሚጠመጠምበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ሆዱን ወደ ጀርባ አዙሮ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ያጠብበዋል። እውነተኛ እባብ እንዲህ አይሆንም። የአከርካሪ አጥንቶቹ እርስ በርስ በተጨማሪ መንጠቆ ስለሚያያዙ ወደ ጎን በደንብ ይታጠፋሉ እንጂ በዘንጋቸው ላይ እምብዛም አይዞሩም። ስለዚህ ሰፋፊዎቹ የሆድ ቅርፊቶች ሁልጊዜ ወደ ድንጋዩና ወደ መነኩሴው እንዲዞሩ አስገደድኳቸው። ይህን ቆልፌዋለሁ፣ እንደተቆለፈም ይኖራል። የዚህን ቁልፍ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

60 ክንድ

ዘንዶው 60 ክንድ እንደሆነ ሲተረክ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ልጅ ሳለሁ “በጣም ረጅም” ማለት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሪገር ስሆን ግን ቁጥር ነው፤ የሚለካ፣ በሜትር የሚመነዘር። አንዱን ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ብንለው 27 ሜትር ይመጣል። በገመድ የሚወጣው የዳሞ ገደል 15 ሜትር ገደማ ነው። መነኩሴው ከታች ቆመዋል፤ ወገባቸው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከጠርዙ እስከ ወገባቸው 14 ሜትር፣ ለሁለት ዙር ጥቅልል ደግሞ ሦስት ሜትር። አሥራ ሰባት። የቀረው 10 ሜትር የት ነው?

ላይ ነው። ካሜራው በማይደርስበት፣ በአምባው ላይ።

የፊልም ሥራ ደንብ ካሜራ የሚያየውን ብቻ ሥራ ይላል። ትክክለኛ ደንብ ነው፤ ኮምፒውተራችንም ጊዜያችንም ውስን ነው። እኔ ግን ያንን 10 ሜትር ለመተው እጄ እምቢ አለኝ። ምክንያቱ ደብረ ዳሞ ነው።

ከዓመታት በፊት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሄጄ ነበር። ሴት ስለማትወጣ እኔ ከገደሉ ሥር ቀረሁ። ወንድሜ የጠፍሩን ገመድ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ታሰረለት፣ እግሩን ከድንጋዩ እየተከለ መውጣት ጀመረ። ከታች ሆኜ የሚታየኝ የጫማው ሶል፣ የተወጠረው ገመድና ገደሉ ነው። ላይ ሆኖ የሚጎትተው መነኩሴ አይታየኝም። ነገር ግን መኖሩን ከገመዱ አውቄዋለሁ። ገመዱ እኩል አይወጣም፤ ይሳባል፣ ያርፋል፣ ይሳባል። ወንድሜ ሲደክመው ገመዱ ይጠብቀዋል፤ አንድ እግሩ ሲንሸራተት ገመዱ ወዲያው ጠንከር ይላል። አንድ ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ ጆሮውንና እጁን ለወንድሜ ሰጥቶታል። ሲወጣ የሚቆየውን ያህል ቆይቼ ያየሁት ያንን የማይታየኝን ሰው ነው ማለት እችላለሁ።

ስለዚህ ላይኛውን 10 ሜትር ሠራሁት። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ዙሪያ አዞርኩት፣ ለሳብና ለዕረፍት የሚሆን የራሱ እጀታ ሰጠሁት። የላይኛው ሲሳብ የታችኛው ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፤ መዘግየቱ ከላይ ወደ ታች እንደ ማዕበል ይወርዳል። ካሜራው ጅራቱን ብቻ ቢያይም ጅራቱ የሚንቀሳቀሰው ላይ ያለ ገላ ስላዘዘው ነው። ይህን ከማድረጌ በፊትና በኋላ ያለውን ቪዲዮ ጎን ለጎን ላየ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያስፈልገውም። አንዱ በራሱ የሚንሳፈፍ ነው፣ ሌላው የተያዘ።

ስለ ክብደቱም አስልቼ ነበር፤ ያላሰብኩት ቦታ አደረሰኝ። መሪጌታ የሣሉት ዘንዶ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ በአማካይ ከሰው ጭን አይበልጥም። 20 ሳንቲ ሜትር ብንለው፣ የሥጋውን ጥግግት እንደ ውኃ ብንወስደው፣ 27 ሜትሩ 850 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። (ሳይንስ የሚያውቀው ትልቁ የጥንት እባብ፣ በኮሎምቢያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ቅሪቱ የተገኘው ቲታኖቦአ፣ 13 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከአንድ ቶን በላይ ክብደት እንደነበረው ይገመታል። የእኛው እጥፍ ረዝሞ እጅግ ይቀጥናል።) በገደሉ ላይ የሚንጠለጠለው ክፍል ብቻውን፣ ጅራቱ እየቀጠነ መሄዱን አስበን፣ 400 ኪሎ ይሆናል። በጾም የከሱ መነኩሴ ስንት ይመዝናሉ? 60 ኪሎ ብንላቸው እንኳ ለዚህ ገላ ምንም አይደሉም።

እዚህ ላይ እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። እስከዚያ ድረስ ሾቱን የማስበው እንደ ከባድ ሸክም ትዕይንት ነበር፤ የሚወጠር ጡንቻ፣ የሚያቃስት ገላ። ስሌቱ ግን ዘንዶው ሲወጣ የሚከብደው የራሱ ገላ እንጂ ጻድቁ አለመሆናቸውን አሳየኝ። ታዲያ የዘንዶው ድካም ምኑ ላይ ነው? ይህን ያህል ጉልበት ይዞ ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳይሰብር ማንሣቱ ላይ።

ማቀፍና ማነቅ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ተመልካቻችን ዘንዶ ሲያይ የሚሰማውን ፍርሃት እኛ መፍጠር አይጠበቅብንም፤ ይዞት ነው የሚመጣው። ከዔደን ገነት ጀምሮ፣ በአክሱም ነግሦ ግብር በላ ከሚባለው ከአርዌ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ሥር እስከሚጋደመው ድረስ ዘንዶ በእኛ ዘንድ ጠላት ነው። የዳሞው ብቻ ይሠራል። የተመልካቹን ፍርሃት ሳላጠፋ እምነቱን ለማግኘት ጥቅልሉ ላይ መሥራት ነበረብኝ፤ ሰውና ዘንዶ የሚነካኩት እዚያ ብቻ ነውና።

ስለ ዘንዶ አጠማጠም ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቻችን አንቆ፣ ትንፋሽ ከልክሎ የሚገድል ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቦአ የሚባለው እባብ ሲጠመጠም ቀድሞ የሚቆመው የደም ዝውውር መሆኑን አሳይቷል፤ ልብ ደም መግፋት ያቅታታል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው ደግሞ ይበልጥ ያዘኝ፤ እባቡ የታነቀውን እንስሳ የልብ ምት በገላው ይሰማል፣ ምቱ ሲቆምም ማጥበቁን ይተዋል። ማለትም የዘንዶ ጥቅልል ጭፍን ገመድ አይደለም። እየሰማ ነው የሚይዘው።

ይህን ሳነብ አቡነ አረጋዊን አሰብኩ። ያ ገላ ልባቸውን ይሰማ ነበር። ሲፈሩ ሰምቷል፤ ፈርተው ከሆነ። ሲጸልዩ ሰምቷል።

በብሌንደር ድራይቨር የሚባል ነገር አለ፤ የአንዱን አጥንት እንቅስቃሴ ወስዶ ሌላውን እንዲያዝ የሚያደርግ ማያያዣ። የመነኩሴውን የደረት አጥንት ከዘንዶው ጥቅልል ጋር አያያዝኩት። ሲተነፍሱ ደረታቸው ይሰፋል፤ ሲሰፋ ጥቅልሉ በዚያው ልክ ቦታ ይለቃል፣ ሲያስወጡ ይከተላቸዋል። ልዩነቱ በስክሪኑ ላይ ጥቂት ፒክሰል ነው። አኒሜተራችን መጀመሪያ ሲያየው ምን እንደተቀየረ አልገባውም፤ “አሁን ግን አያስፈራኝም” ብቻ አለ። ለምን እንዳላስፈራው ስነግረው ዝም ብሎ ደግሞ አጫወተው።

ስለ ዓይኑም ልበል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው የማይከደን ጥርት ያለ ቅርፊት ነው። ገጸ ባሕርይ የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያበጀው ማርገብገቢያ ስለሆነ፣ ይህን መተው ከባድ ነበር። ተውኩት። ዘንዶው ራሱን የሚያሳየው አንዴ፣ ሾቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነው። በእኛ የሥዕል ትምህርት ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። መሪጌታ ዘንዶውን በየትኛው እንደሚሥሉት ስጠይቃቸው “እሱ መንገድ ላይ ነው” አሉኝ። ስለዚህ አንገቱን ከጎን ወደ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጌ ሠራሁት። አንዱ ዓይን ይታያል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይወጣል።

ሁለት ዓይነት አለመቻል

አሁን ወደ ቁልፉ።

በሪጊንግ መቆለፍ ጥሩ ልማድ ነው። የሰው ጉልበት ወደ ፊት እንዳይታጠፍ ትቆልፈዋለህ፣ ክርን ወደ ኋላ እንዳይሰበር ትቆልፈዋለህ። አኒሜተር በውድቅት ሌሊት ደክሞትም ሊያበላሸው የማይችለው ሪግ ጥሩ ሪግ ነው፤ ተማሪዎችም ሲጠይቁኝ ይህንኑ እላቸዋለሁ። በዚሁ ልማድ ነው የጥቅልሉን ስላይደር ከ0 እስከ 1 ያደረግሁት። 0 ልል፣ 1 ቀሚሱን የነካበት። ከ1 በላይ የሚሄድ ቁጥር የለም።

የመሪጌታን ጥያቄ ይዤ ስውል ስከርም አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። ጉልበት ወደ ፊት የማይታጠፈው አጥንቱ ስለማይፈቅድ ነው። ዘንዶው በዘንጉ ላይ የማይዞረው አከርካሪው ስለማይፈቅድ ነው። ጻድቁን ያልደቆሳቸው ግን አጥንቱ ስላልፈቀደ አይደለም። አጥንቱ ፈቅዷል፤ ጡንቻው ለዚያው የተሠራ ነው። ያልፈቀደው ሌላ ነገር ነው። እኔ ሁለቱን አለመቻሎች በአንድ ዓይነት ቁልፍ ቆልፌያቸው ነበር። ገላ የሚከለክለውን ሪጉ ይከልክል። ትእዛዝ የሚከለክለው ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ እንደገና መታዘዝ አለበት፤ እሱ የአኒሜተሩ እጅ ነው።

መጉዳት የማይችል ዘንዶ የታዘዘ ዘንዶ ነው ማለት አይቻልም፤ ማንሻ መሣሪያ ነው። ለማንሻ መሣሪያ ደግሞ የተመዘዘ ሰይፍ አያስፈልገውም። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ሰይፉን ሲሥሉ አውቀው ነው የሣሉት። ተአምሩ ገላው ደካማ መሆኑ አይደለም። እንደዚያ ቢሆን መልአኩ እጁን አጣምሮ በቆመ ነበር።

ይህ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጽፌ እተወው ነበር። ነገር ግን ቴክኒኩ ራሱ ያንኑ ይል ነበር። አኒሜተራችን ጥቅልሉን ወደ 1 ሲያመጣው የእንቅስቃሴው ግራፍ ጣሪያው ላይ ደርሶ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ቀጥ ያለ መስመር በአኒሜሽን ሞት ነው፤ የቆመ ነገር እንጂ የሚይዝ ነገር አይመስልም። በሴኮንድ 24 ፍሬም ተመልካቹ ሳያውቀው የሚያነበው ትንሿን መብለጥና መመለስ ነው፤ እጅ ዕቃ ሲይዝ መጀመሪያ ትንሽ ያጠብቃል፣ ከዚያ ልኩን አግኝቶ ያላላል። ጣሪያው ያንን ቦታ ነሥቶት ነበር።

ጣሪያውን አነሣሁት። ስላይደሩ አሁን እስከ 2 ይሄዳል።

ግን ቁጥር መጨመር ብቻ አይበቃም። ዘንዶው እንዲጎዳ ከተፈቀደለት ጻድቁም እንዲጎዱ መፈቀድ አለበት። አለበለዚያ ጥቅልሉ ከ1 ሲያልፍ በገላቸው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ እንደ ጥላ ያልፋቸዋል። ስለዚህ የተጫነ ቀሚስ፣ የተደፈጠጠ የጎን አጥንት፣ ወደ ውስጥ የገባ ደረት በእጄ መቅረጽ ነበረብኝ። ስላይደሩ ከ1 ሲያልፍ ያ ቅርጽ ቀስ በቀስ እንዲመጣ።

ያንን ሥራ ስጀምር አማተብኩ። በልጅነቴ ቤታችን ግድግዳ ላይ የነበሩ አባት ናቸው፤ እናቴ በስማቸው ጥቅምት ጥቅምት ዝክር የምትዘክርላቸው። የእሳቸውን ደረት መስበር፣ በሞዴል ላይ እንኳ፣ ቀላል አልነበረም። እየሠራሁ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ለመሪጌታ ስልክ ደውዬ ልተወው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “ሰማዕታትን ስንሥል ደማቸውን እንሥላለን” አሉኝ። “አንቺ የምትሠሪው ያልሆነውን ነው። ሊሆን ይችል የነበረውን ካላወቅሽ ያልሆነውን እንዴት ታመሰግኛለሽ?”

ጨርሼ አስቀመጥኩት። ፋይሉ ውስጥ አለ። በፊልሙ ውስጥ ማንም አያየውም።

አኒሜተሩ ምን አደረገበት

ሪጉን ሳስረክብ ለአኒሜተራችን የነገርኩት ጥቂት ነው፤ ከ1 በላይ ያለው ቦታ እውነተኛ መሆኑን፣ እዚያ ሲገባ መነኩሴው እንደሚታመሙ፣ የቀረው የእሱ መሆኑን። ልጁ ጠንቃቃ ነው። መጀመሪያ ፈርቶት ከ0.9 አላለፈም፤ የተያዙ ሳይሆን የተንጠለጠሉ መስለው ወጡ። ከዚያ ደፈረ።

አሁን ባለው ቅጂ ጅራቱ ወገባቸውን ሲያገኝ ስላይደሩ ለጥቂት ፍሬሞች ወደ 1.08 ይወጣል። ቀሚሱ ይጨማደዳል፣ የመነኩሴው ትከሻ ሳይታወቅ ከፍ ይላል፣ ትንፋሻቸው ይቆማል። ከዚያ ጥቅልሉ ራሱን ይሰማና ወደ 0.96 ይመለሳል፤ ደረታቸው ይከፈታል፣ ዘንዶው ከትንፋሻቸው ጋር መሄድ ይጀምራል። ከሴኮንድ ያነሰ ነገር ነው። ማንሣቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ ግምት የፊልሙ ልብ እዚያች ጋር ነው፤ ከላይ የደረደርኩት አጥንት ሁሉ፣ የማይታየው 10 ሜትርም ጭምር፣ ለእሷ ነው የሠራው።

የቅዱስ ሚካኤልን ሪግ የሠራው ባልደረባዬ ነው። እሱም በበኩሉ አንድ ነገር ቀየረ። የመልአኩ ዓይን መጀመሪያ የዘንዶውን ራስ እንዲከተል ነበር የተያያዘው፤ ጠላትን ስታይ ዓይኑን ታያለህና። አሁን ጥቅልሉን እንዲከተል አደረገው። ዘንዶው በተነሣ ቁጥር የመልአኩ ዓይንም አብሮ ይወጣል፣ የሰይፉ ጫፍም በጥቂቱ ይከተላል። 1.08 ላይ የሰይፉን እጀታ የያዘው እጁ ይጠነክራል። ያንን ማንም አላዘዘውም ነበር፤ ባልደረባዬ ግራፉን አይቶ ጨመረው።

የቀረን መፍቻው ነው። አባታችን አምባው ላይ እግራቸው ሲያርፍ ጥቅልሉ በየት በኩል ይፈታ? ጫፉ ቀድሞ ከተፈታ የላይኛው ዙር ብቻውን ይይዛቸዋል፣ ያ ደግሞ በታፋቸው ላይ ጫና ያመጣል። ሁለቱም ዙር አንድ ላይ ከላሉ እንደተጣሉ ያስመስላቸዋል። እኔ የምደግፈው እግራቸው መሬት ነክቶ ክብደታቸው ወደ ተረከዛቸው እስኪወርድ ዘንዶው ሳይፈታ እንዲጠብቅ፣ ከዚያ ከታችኛው ዙር እንዲጀምር ነው። አኒሜተራችን ግን እሳቸው እጃቸውን ቅርፊቱ ላይ አሳርፈው ቀድመው እንዲያሰናብቱት ይፈልጋል። ለዚያ የሚሆን የእጅ እጀታ እየሠራሁለት ነው፤ ሁለቱንም ሞክረን እናያለን።